የምክር ዓምድ፦ እግዚአብሔርን «ለምን?» ማለት ከሃይማኖት መውጣት ነው ወይ?

ከእስራኤል የጻፉልን አንዲት አንባቢ ደብዳቤ ለዓምዱ እንዲመች አሳጥረነው እንዲህ ይላል፦

«ታናሽ ወንድሜ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በሲምሐት ቶራ በዓል ማለዳ ተገደለ። የሽቫው (የኀዘኑ) ሰባት ቀን ሳያልቅ አንድ ሰው ቤታችን ተቀምጦ ይህ ሁሉ የመጣው ሰንበት ስለማይከበር ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ‹ጋም ዙ ለቶቫ፣ ይህም ለበጎ ነው› አለኝ። እናቴ ሱዳን ላይ ሁለት ልጆች ቀብራ የመጣች ሴት ናት። እርሷ ‹ተመስገን› ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣትም፤ እኔ ‹ለምን?› ስል ደግሞ አፌን በእጇ ትከድናለች። አዝካራው (የሙት መታሰቢያው) ላይ አባቴ ቃዲሽ (ኀዘንተኛ የሚደግመውን ጸሎት) ሲል ሰው ሁሉ ‹አሜን› ይላል፤ እኔን ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀርብኛል። ዓርብ ማታ ሻማ አበራለሁ፣ ቡራኬውን ግን አልልም። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ‹እግዚአብሔር ያን ቀን የት ነበር?› ብላ ጠይቃኝ ዝም አልኩ። እንዲህ መጠየቄ ከሃይማኖቴ መውጣት ነው ወይ? ካልሆነስ እንዴት አድርጌ ልኑር?»

ውድ እኅታችን፣

ነፍስ ይማር፤ ለወላጆችዎና ለእርስዎ ብርታቱን ይስጥልን። የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ሳላቆይ ልመልስ፤ ከሃይማኖትዎ አልወጡም። አብርሃም ስለ ሰዶም በተነሣው ነገር የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን አይፈርድምን ብሎ ፊት ለፊት ጠይቋል። ሙሴ ወደ ፈርዖን ሄዶ የሕዝቡ ሥራ በከበደ ጊዜ ተመልሶ ስለ ምን በዚህ ሕዝብ ላይ ክፉ አመጣህ፣ ለምንስ ላክኸኝ ብሏል። ኤርምያስ የኃጥአን መንገድ ለምን ይቃናል ብሎ ተሟግቷል። ከእነዚህ መካከል አንዱን እንኳ ከሃዲ ያለው የለም፤ እንዲያውም እርስዎ በየሰንበቱ ሲነበብ የሚሰሙት ቃል የእነርሱ ነው።

ሽቫ ቤት ገብተው ስለተናገሩት ሰዎች ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሳይባል መታለፍ የሌለበት ግን አለ። ታልሙድ (የረቢዎች የሕግና የውይይት መጽሐፍ) በባባ መጺዓ ክፍል ሰውን በቃል ማቁሰል ክልክል መሆኑን ሲያስተምር በምሳሌነት ከሚጠቅሳቸው አንዱ ይኸው የእርስዎ እንግዳ ያደረገው ነው፤ መከራ ለደረሰበት፣ ለታመመ ወይም ልጆቹን ለቀበረ ሰው የኢዮብ ወዳጆች እንደተናገሩት «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ማለት አይፈቀድም። ኀዘንተኛው ራሱ አፉን ሳይከፍት አጽናኙ ንግግር አይጀምርም የሚለውም ሥርዓት የመጣው ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ከተቀመጡበት ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ሲቆሙ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ሲሟገተው የቆየውን ኢዮብን ቅን ነገር ተናገረ አለው። እንግዳዎ በሟች ቤት ኃጢአት ሲፈልግ የራሱን ሠርቶ ሄደ። «ጋም ዙ ለቶቫ» ያለውም ሰው ምናልባት ሌላ የሚለው ጠፍቶት ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ቃል በማዘውተር ስሙን ያተረፈው ናሁም በታልሙድ ታሪኩ ቃሉን የሚናገረው በራሱ ላይ ስለደረሰው ነገር ነው። ሄዶ በሌላ ሰው ሬሳ ላይ ሲናገረው አናገኘውም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ እንዴት ልኑር የሚለው፣ ረዘም ያለ ነገር ይፈልጋል። ጉሮሮዎ ላይ የቀረውን «አሜን» ሳስብ የመጣልኝ በታልሙድ ዮማ ክፍል ያለ አንድ ውይይት ነውና ከእርሱ ልጀምር።

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም 10 እግዚአብሔርን «ታላቅ፣ ኃያል፣ የሚያስፈራ» ብሎ ጠርቶታል። እነዚህ ሦስት ቃላት ዛሬ በየቀኑ በሚጸለየው አሚዳ (ቆሞ የሚደረገው ዋና ጸሎት) መክፈቻ ላይ ያሉት ናቸው። ታልሙድ እንደሚተርከው ኤርምያስ መጣና ባዕዳን በመቅደሱ ውስጥ ሲፈነጩ አይቶ «ታዲያ አስፈሪነቱ የት አለ?» አለ፤ ከዚያም ሲጸልይ «የሚያስፈራ» የሚለውን ተወው። እውነትም በኤርምያስ 32 ጸሎቱን ቢያነቡ «ታላቅና ኃያል» ብሎ ያቆማል። ዳንኤል በተራው ልጆቹ በባዕድ አገር ባሪያ ሆነው ሲኖሩ አይቶ «ታዲያ ኃያልነቱ የት አለ?» አለ፤ በዳንኤል 9 ጸሎቱም «ኃያል» የሚለው የለም። በኋላ የታላቁ ጉባኤ ሰዎች፣ ከምርኮ መልስ የነበሩ ሊቃውንት፣ ተነሥተው፣ ቁጣውን አሸንፎ መታገሡ ራሱ ኃያልነት ነው፣ በአሕዛብ መካከል አንዲት ትንሽ ሕዝብ ሳትጠፋ መቆየቷም ያለ አስፈሪነቱ የሚሆን አይደለም ብለው ሁለቱን ቃላት ወደ ቦታቸው መለሱ።

እዚህ ላይ ታልሙድ ራሱ የእርስዎን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ሙሴ የሠራውን ጸሎት እነዚህ ሁለቱ እንዴት ደፍረው አጎደሉ? ረቢ አልዓዛር የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ቅዱሱ እውነትን እንደሚወድ ያውቁ ነበርና በእርሱ ላይ አልዋሹም። ነቢያቱ በልባቸው የሌለውን ቃል በአፋቸው አላሉም፤ ይሁን እንጂ መጸለያቸውን አልተዉም። ኤርምያስ ከሦስቱ አንዱን ጣለ፣ በቀሩት በሁለቱ ቆመ። የጎደለውንም ቃል የመለሰው እርሱ ራሱ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ይህን ሳነብ እርስዎን የምመክረው ነገር በሙሉ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ያልቻሉትን ቃል ይተዉት፣ ቦታዎን ግን አይልቀቁ።

በጎንደርና በትግራይ የነበሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ታልሙድን አያውቁትም ነበር ሊሉኝ ይችላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ውይይቱ የተነሣባቸውን ሦስት ቃላት እናትዎ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋቸዋል። ከኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29፣ ስግድ ሲከበር ቄሶቹ ከሚያነቡት መካከል ነህምያ 9 አለበት፤ በአገር ቤት ተራራ ላይ ተወጥቶ እንደተነበበ ሁሉ ዛሬም በኢየሩሳሌም በአርሞን ሀናጺቭ በግእዝ ይነበባል። በዚያ ምዕራፍ ቁጥር 32 ላይ ሕዝቡ እግዚአብሔርን በእነዚያው በሦስቱ ቃላት፣ ታላቅ፣ ኃያል፣ የሚያስፈራ ብሎ ይጠራውና ወዲያው በነገሥታታችን፣ በካህናታችን፣ በአባቶቻችንና በሕዝብህ ሁሉ ላይ የደረሰው መከራ በፊትህ ጥቂት መስሎ አይታይህ ይለዋል። ልብ ይበሉ፤ ሕዝቡ ጾሞና ተሰልፎ አምላኩን «የኛን መከራ አሳንሰህ አትይብን» እያለው ነው። በደረሰብን ሁሉ አንተ ጻድቅ ነህ የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በቁጥር 33 ነው። ብዙ ሰባኪዎች 33ኛውን በቃላቸው ይዘው 32ኛውን ይዘልሉታል። እርስዎ በአሁኑ ጊዜ 32ኛው ቁጥር ላይ ቆመው ያሉ ይመስለኛል፤ እዚያ ስንት ዓመት መቆም እንደሚፈቀድ መጽሐፉ ወሰን አላበጀለትም።

መጽናናትን በተመለከተ ደግሞ ከበራኾት ክፍል አንድ ታሪክ ልጥቀስልዎት። ረቢ ዮሐናን አሥር ልጆች የቀበረ ሰው ነበር፤ የአሥረኛውን ልጁን ትንሽ አጥንት ይዞ ይዞር ነበር ይባላል። አንድ ቀን ረቢ አልዓዛር ታሞ ሊጠይቀው ቢገባ ቤቱ ጨለማ ነው። ረቢ ዮሐናን ክንዱን ገለጥ አደረገና ከሰውነቱ በወጣው ብርሃን ሲያየው ታማሚው ያለቅሳል። ለምን ታለቅሳለህ፣ ትምህርት አነሰኝ ብለህ ነው? ኑሮ ጎደለኝ ብለህ ነው? ወይስ ልጅ? «የአሥረኛው ልጄ አጥንት ይኸውልህ» አለው። ታማሚው የመለሰው ግን ስለዚህ ሁሉ አይደለም፤ «አፈር ውስጥ ለሚበሰብሰው ለዚህ ውበትህ ነው የማለቅሰው» አለ። ረቢ ዮሐናንም «ለዚህስ ማልቀስህ ተገቢ ነው» አለውና ሁለቱም አለቀሱ። ቀጥሎ «መከራህን ትወደዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። «እርሱንም ዋጋውንም አልፈልግ» አለ። ረቢ ዮሐናን «እጅህን ስጠኝ» አለው፣ ሰጠው፣ አስነሣው። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። በሰማይ ለመከራ የሚከፈል ዋጋ አለ ብለው የሚያምኑ ሁለት ሊቃውንት ከነዋጋው ይቅርብን ብለው ተናገሩ፤ ታልሙድም ሳያፍርባቸው ጻፈው። ስለዚህ ማንም ሰው የወንድምዎን ሞት ወድደው እንዲቀበሉት ሊያስገድድዎት አይችልም። ሊያደርግልዎት የሚገባው እጁን መስጠት ነው።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ እንበል። ናዚዎች አይሁድን ዘግተው ባኖሩበት በዋርሶ ጌቶ የነበረው የፒያሴችኖው ረቢ ቃሎኒሞስ ቃልማን ሻፒራ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1939 በከተማይቱ ላይ በወረደው ቦምብ አንድ ወንድ ልጁንና ምራቱን አጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1942 ክረምት ድረስ ለተሰበሰቡለት ሰዎች በየሰንበቱ ሰበከ፤ እግዚአብሔር ራሱ በስውር እልፍኙ ከሕዝቡ ጋር ያለቅሳል እያለ ያስተምር ነበር። እንዲህ ያለ መከራ በአባቶቻችንም ላይ ደርሷል፣ የእኛ የተለየ አይደለም ብሎ የተናገረበት ስብከትም አለ። በ1942 መጨረሻ ግን ወደዚያው ጽሑፍ ተመልሶ፣ ያልኩት እስከዚያን ጊዜ ለነበረው ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የመጣብን ግን ከቶ አቻ የለውም ብሎ በማስታወሻ አረመው። ወረቀቶቹ በጌቶው ውስጥ ተቀብረው ከጦርነቱ በኋላ ተቆፍረው ተገኙ፤ እርሱ ግን በ1943 ተገድሏል። ከስብከቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ያ እርማት ነው። የሚሞተውን ሕዝብ ለማጽናናት የተናገረው ቃል እውነት ሆኖ ስላላገኘው በገዛ እጁ ወሰን አበጀለት፤ ከእምነቱ ግን አልወጣም። ከዚያ ዘመን የተረፉ ሌሎች ብዙዎች ጸሎትን ፈጽመው ተዉ፤ እነርሱንም ለመውቀስ የሚችል አፍ ያለኝ አይመስለኝም።

ስለ እናትዎ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች በእግር ወደ ሱዳን ከተጓዙት ወገኖቻችን በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች፣ በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ዙሪያ፣ 4,000 የሚያህሉ እንደሞቱ ይገመታል፤ የመታሰቢያ ሥርዓታቸው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28፣ በሄርጽል ተራራ ይፈጸማል። አብዛኞቹ አይሁድነታቸውን ደብቀው ይኖሩ ስለነበር እንደ ወጋቸው ማልቀስና መቅበር፣ ተዝካር ማውጣት የታሰበ አልነበረም። እንግዲህ እናትዎ ዝምታን የተማሩት በዚያ ሥፍራ ይሆናል፤ በጊዜው ዝምታ የቀሩትን ልጆች ማትረፊያ ነበረና። አፍዎን በእጃቸው ሲከድኑም ሃይማኖትዎን ከመጠበቅ ይልቅ እርስዎን ለማትረፍ እየሞከሩ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ የእርሳቸውን «ተመስገን» የእርስዎ እምነት መለኪያ አያድርጉት፤ በክርክርም ሊያስተዉአቸው አይሞክሩ። ይልቅ አመቺ ቀን ፈልገው ስለ ሁለቱ ልጆች ይጠይቋቸው፤ ስማቸው ማን ነበር፣ የትኛው ቀድሞ መራመድ ጀመረ፣ የት ተቀበሩ ብለው። በአገራችን ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች ሞትን ፊት ለፊት ሲሞግቱ ያላደገ ሰው የለምና እናትዎም ቢሆኑ የሙግት ቃል አያጡም።

አሁን በዕለት ኑሮ የሚደረገውን ልበል። ሻማውን ማብራትዎን አያቋርጡ። ቡራኬው ቢቀር ትእዛዙ አይፈርስም፤ ቡራኬ መተዉ ትእዛዙን አያግድም የሚለው በሕጉ የታወቀ ነው፣ ዝርዝሩን የሚያምኑትን ረቢ ወይም ቄስ ይጠይቁ። (በነገራችን ላይ ይህ የሻማ ሥርዓት በእናትዎ መንደር አልነበረም፤ እዚያ ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ሰንበት ግን ሰንበት ነበረች።) አዝካራው ሲደርስ ከአባትዎ ጎን ይቁሙ፣ አሜን ማለት ካልቻሉም አይበሉ። ያንን አስቀድመው ለአባትዎ ቢነግሯቸው ደግ ነው፤ በዚያች ሰዓት ዞር ብለው ሲያዩዎት ዝምታዎን ንቀት እንዳያደርጉት። ቃዲሽ ስለ ሞት አንድም ቃል የሌለበት ምስጋና ነው፤ ልጁን ለቀበረ አባት እርሱን ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምናልባት እርሳቸውም የሚያንቃቸው ቃል ይኖር ይሆናል። ለራስዎ ጸሎት የሚሆን ቃል ሲያጡ ደግሞ ዳዊትን ይግለጡ፤ መዝሙር 44 (በግእዙ ዳዊት 43) እግዚአብሔርን «ንቃ፣ ስለ ምን ትተኛለህ?» ይለዋል፣ መዝሙር 88 (በግእዙ 87) ደግሞ ቀንና ሌሊት በመጮኽ ይጀምርና በጨለማ ያበቃል፤ ማንም ማጽናኛ ስንኝ አልጨመረበትም።

ይህ ሁሉ የሃይማኖት ምክር ነው። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላዎት ወይም የዚያ ማለዳ ነገር ሳይጠሩት እየመጣ ከያዘዎት ግን ይህን ረቢም ቄስም ብቻውን አይፈታውም፤ ለሟች ቤተሰቦች ስለሚሰጠው የሥነ ልቦና እርዳታ ቢቱዋህ ለኡሚን (የብሔራዊ መድን ተቋሙን) ይጠይቁ፣ አማርኛ የሚናገር ባለሙያም እንዲመደብልዎ ይጠይቁ።

ልጅዎን በመጨረሻ ያስቀመጥኋት ከባዱ የእርሷ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ታልሙድ በቂዱሺን ክፍል ስለ አንድ ልጅ ያወራል፤ አባቱ ጫጩቶች አምጣልኝ ብሎት መሰላል ወጣ፣ ኦሪት እንዳዘዘችው እናቲቱን ወፍ ለቅቆ ጫጩቶቹን ወሰደ፣ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ረጅም ዕድሜ የተገባላቸውን ሁለት ትእዛዛት እየፈጸመ መሞቱን አይቶ ነው ሊቁ ኤሊሻ ቤን አቡያ ከእምነት የወጣው የሚሉ አሉ። ሊቃውንቱ ስለ ልጁ ከሰጡት መልስ አንዱ መሰላሉ የተበላሸ ነበር የሚል ነው። እንደኔ ይህ መልስ ከሌሎቹ ይልቅ ለልጅ ይቀርባል፤ ኃጢአት አይፈልግም፣ የሰማይን ምሥጢር አውቃለሁ አይልም፣ እዚህ ምድር ላይ የሆነውን ብቻ ይናገራል። ለልጅዎም በመጀመሪያ አጎቷን የገደሉት ሰዎች መሆናቸውን፣ ሰው ያደረገው በእግዚአብሔር ላይ እንደማይላከክ ይንገሯት። «ታዲያ ለምን አልከለከላቸውም?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ አላውቅም ይበሏት፣ እኔም እየጠየቅሁት ነው ይበሏት። እናቷ ሻማ እያበራች መጠየቋን የምታይ ልጅ፣ መጠየቅና መተው የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሳይነገራት ታውቃለች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት ማለት ደግሞ ባት ሚጽቫ ደርሳለች ማለት ነው፤ ትእዛዛቱ እርሷን ራሷን የሚጠይቁበት ዕድሜ ነውና እርሷም ብትጠይቅ ሰዓቱ ነው። በበዓሏ ላይ የምትናገረው ነገር ከፈለገች ዘፍጥረት 18ና 19ን አንድ ላይ ታንብብ። አብርሃም ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ ይከራከራል፣ ክርክሩም ከተማይቱን ሳያድናት ይቀራል። በማግሥቱ ማልዶ ተነሥቶ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞበት ወደነበረው ስፍራ ይሄድና ጢሱን ያያል። ሊቃውንቱ የጠዋትን ጸሎት፣ ሻሐሪትን፣ አብርሃም ሠራው ሲሉ ማስረጃ አድርገው የሚያመጡት ይህንኑ ጥቅስ ነው። አብርሃም በዚያ ጠዋት ምን ብሎ ጸለየ የሚለውን ኦሪት አልጻፈችውም፤ ልጅዎ የመሰላትን ትጻፍና ለአያቷም ታንብብላቸው። እርስዎም ከፈቀደችልዎ ለዚህ ዓምድ ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን።